ሁለት ወንበር ቀርቦላቸው ቋንቋን የመረጡት መምህር፦ ጄምስ በሪል ኤንጄል (1829–1916)

አንድ ባለሙያ ከተሰማራበት ሙያ ወደ አስተዳደር በሚዛወርበት ጊዜ ሙያው አንድ ሰው እንደ ጎደለበት የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። በንድፍ ጠረጴዛና በሥራ መስክ የሠለጠነ ሰው ፋይል ሲያገላብጥ፣ በጀት ሲያስጸድቅና ስብሰባ ሲመራ መዋሉ የተማረውን ትምህርት ከንቱ ማስቀረት መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን በዚህ አኳኋን ተቋጭቶ የሚቀር አይደለም። ሙያ የሚባለው ነገር ከመሣሪያውና ከቀመሩ ሌላ ለሰው የሚያወርሰው የአስተሳሰብ ሥርዓት መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው፣ ባለሙያው ከመስኩ ወጥቶ በሌላ ሥራ ላይ በሚፈተንበት ጊዜ ነው። በከተማ መሐንዲስ ቢሮ ሥራ ጀምረው የቋንቋ ፕሮፌሰር፣ ከዚያም የጋዜጣ አዘጋጅ፣ በመጨረሻም ለ43 ዓመታት ያህል የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንት የሆኑት የጄምስ በሪል ኤንጄል ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤንጄል ጃንዋሪ 7 ቀን 1829 በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ሲቹዌት በምትባለው የገጠር ወረዳ ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው በ1636 የፕሮቪደንስን ከተማ ከሮጀር ዊልያምስ ጋር ሆነው ከቆረቆሩት ሰፋሪዎች አንዱ ከሆነው ከቶማስ ኤንጄል ይመዘዛል። ከስምንት ልጆች የበኩሩ ሲሆኑ፣ ያደጉትም ከእርሻ ሥራ ጋር ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቻቸው የኩዌከር እምነት ተከታይ ለሆነ አንድ መምህር ሰጧቸው። ይህ መምህር ከሒሳብ ጋር የመሬት ቅየሳን አስተማራቸው። ስለዚህ ኋላ በላቲንና በፈረንሳይኛ የታወቁት ሰው አስቀድመው የተዋወቁት ከቀያሽ ሰንሰለትና ከማዕዘን ልኬት ጋር ነበር ማለት ይቻላል።

በ1845 በፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1849 ተመረቁ። ከምረቃ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆነው ሲሠሩ፣ ዓላማቸው ወደ ፊት የወንጌል አገልጋይ ለመሆን ነበር። ይሁን እንጂ ጉሮሯቸውን ጽኑ ሕመም ያዛቸው። ለጤንነታቸው ሲባል ከወዳጃቸው ከሮላንድ ሐዛርድ ጋር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ረጅም ጉዞ አደረጉ። በዚያም የባርነት ሥርዓት ምን እንደሚመስል በዓይናቸው ተመለከቱ። ሲመለሱ ጉሮሯቸው ለስብከት የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ያሰቡት መንገድ ስለተዘጋባቸውም ፊታቸውን ወደ ሌላ ሥራ አዞሩ።

ሥራውም የተገኘው በ1851 በቦስተን ከተማ መሐንዲስ ቢሮ ውስጥ ነው። በዚያን ዘመን የከተማው መሐንዲስ ኤሊስ ቼስብሮ ነበሩ። ቼስብሮ በኋላ ወደ ቺካጎ ተዛውረው የዚያችን ረግረጋማ ከተማ የፍሳሽ ማስወገጃ መረብ የዘረጉ፣ ከሐይቁ ሥር ዋሻ አስቆፍረው ንጹሕ ውኃ ያስገቡ ስመ ጥር መሐንዲስ ናቸው። በጊዜው በአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት የሚሰጥባቸው ኮሌጆች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ብዙው ሰው ሙያውን የሚማረው እንዲህ ካለው ቢሮ በመግባት ከሥራው ላይ ነበር። ኤንጄልም በዚሁ መንገድ ጀመሩ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆዩ ወዳጃቸው ሐዛርድ አብረውት ወደ አውሮፓ እንዲሄዱ ስለጋበዛቸው በ1851 መጨረሻ ገደማ ባሕር ተሻገሩ።

የሕይወታቸው መንታ መንገድ የመጣው በአውሮፓ ሳሉ ነው። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ፍራንሲስ ዌይላንድ በ1850 ትልቅ የትምህርት ማሻሻያ አውጀው ነበር። ኮሌጁ ለካህናትና ለጠበቆች ልጆች ላቲንና ግሪክ ከማስተማር አልፎ፣ ለነጋዴው፣ ለገበሬውና ለእጅ ባለሙያው የሚጠቅም ትምህርት እንዲሰጥ፣ ተማሪውም የሚማረውን በከፊል ራሱ እንዲመርጥ ይፈልጉ ነበር። ለዚህ ዕቅድ ወጣት መምህራን ያስፈልጓቸው ስለነበር ለኤንጄል በደብዳቤ ሁለት ወንበር አቀረቡላቸው፤ አንዱ የሲቪል ምሕንድስና፣ ሌላው የዘመናዊ ቋንቋዎች ፕሮፌሰርነት ነበር። ከሁለቱ የወደዱትን እንዲመርጡ ፈቀዱላቸው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ምርጫ እንግዳ ይመስላል። የድልድይ ስሌትና የፈረንሳይኛ ሰዋስው ለአንድ ሰው በአንድ ደብዳቤ ሲቀርቡ ማየት ያስገርማል። ነገር ግን ለዌይላንድ ሁለቱም የአንድ ዕቅድ ክፍሎች ነበሩ። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም በአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት የተናቁ፣ ሁለቱም ከዕለት ኑሮ ጋር የተሳሰሩ ነበሩና። ኤንጄል ቋንቋን መረጡ። አውሮፓ ውስጥ በመገኘታቸው ቋንቋዎቹን ከምንጫቸው ለመቅዳት ምቹ ነበር፤ ስለዚህም በፓሪስና በጀርመን አገር ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ በ1853 ተመልሰው በ24 ዓመታቸው ማስተማር ጀመሩ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ኮሌጆች ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ እንደ ጌጥ ይቆጠሩ ነበር። የአእምሮ ማሠልጠኛ ናቸው ተብለው የሚከበሩት ግሪክና ላቲን ብቻ ሲሆኑ፣ የዘመናዊ ቋንቋ አስተማሪ ብዙውን ጊዜ ደመወዙ አነስተኛ፣ በመምህራን ጉባኤም ድምፁ ዝቅተኛ ነበር። ኤንጄል ይህን አመለካከት ለመለወጥ የሞከሩት ትምህርቱን ከቃላት ሽምደዳ አውጥተው ወደ ሥነ ጽሑፍና ወደ ታሪክ በማሸጋገር ነው። ካስተማሯቸው መካከል ጆን ሄይና ሪቻርድ ኦልኒ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆነዋል። በ1855 የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ የነበሩትን የፕሮፌሰር አሌክሲስ ካስዌልን ልጅ ሣራን አገቡ።

ዳሩ ግን በዚያው በ1855 ዌይላንድ ሥራቸውን ለቀቁ። ተተኪያቸው ባርናስ ሲርስ የተጀመረውን ማሻሻያ እየሻሩ ኮሌጁን ወደ ቀድሞው መንገድ መለሱት። ኤንጄል የተቀጠሩበት ዕቅድ በዓይናቸው ፊት ፈረሰ። ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት በኋላ ዘመናቸው ሁሉ የታየ ነው፤ አንድ ማሻሻያ ያለ ቋሚ ገንዘብና ያለ ሕዝብ ድጋፍ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ያ ሰው ዞር ሲል እንደሚወድቅ ተመለከቱ።

ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለፕሮቪደንስ ጆርናል ጋዜጣ መጻፍ ጀመሩ። የጋዜጣው መሪ ሄንሪ አንተኒ የፌዴራል ሴኔት አባል ሆነው በመመረጣቸው፣ ኤንጄል በ1860 ፕሮፌሰርነታቸውን ትተው የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆኑ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሣውና ያበቃው እርሳቸው በዚያ ወንበር ላይ ሳሉ ነው። ጋዜጣው የሊንከንን መንግሥት ደግፎ ቆመ። በየቀኑ ለተራው አንባቢ ስለ ከባድ ጉዳይ በቀላል ቋንቋ መጻፍ፣ በመምህር ክፍል የማይገኝ ሥልጠና ሰጣቸው።

በ1866 የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ዩኒቨርሲቲው ከአንድ ዓመት በፊት ከግዛቱ የእርሻ ኮሌጅ ጋር የተዋሐደ ነበር። የውሕደቱ መነሻ የ1862ቱ የሞሪል ሕግ ሲሆን፣ ይህ ሕግ ለእርሻና ለእጅ ጥበብ ሙያ ማስተማሪያ የሚሆን የመንግሥት መሬት ለየግዛቱ የሚሰጥ ነበር። ገበሬዎቹ ግን ኮሌጁን አላመኑትም፤ ለእኛ የተሰጠውን ገንዘብ የግሪክ አስተማሪዎች ይበሉታል የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው። ኤንጄል በየወረዳው እየዞሩ ገበሬዎቹን በቋንቋቸው አነጋገሩ፤ ከተመራቂዎችና ከከተማው ሰዎችም መዋጮ ሰበሰቡ፤ መምህር በጎደለበት ክፍል ራሳቸው እየገቡ አስተማሩ። በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሊዘጋ ደርሶ የነበረው ተቋም ራሱን ችሎ ቆመ።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1869 ቢጠራቸው የጀመሩትን ሥራ መሐል ላይ ጥለው መሄድ ስላልወደዱ እምቢ አሉ። በ1871 ጥሪው ሲደገም ተቀበሉና ወደ አን አርበር ከተማ ተዛወሩ። በዚያ ለ38 ዓመታት፣ ማለትም እስከ 1909 ድረስ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። ሲገቡ ተማሪዎቹ 1,100 ገደማ ነበሩ፤ ሲወጡ ከ5,000 በላይ ሆነዋል።

ይህ ዕድገት የተገኘበት ዘዴ በተለይ ለሒሳብ ሰው የሚስብ ነው። በፊት የዩኒቨርሲቲው ገቢ በአብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት በተሰጠው መሬት ሽያጭ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከግዛቱ ምክር ቤት ተጨማሪ ገንዘብ ለማግኘት በየሁለት ዓመቱ ደጅ መጥናት ግድ ይል ነበር። በ1873 ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በግዛቱ ውስጥ ከሚገመተው ንብረት ላይ በየአንዱ ዶላር የአንድ ሚል አንድ ሃያኛ ለዩኒቨርሲቲው ይከፈላል። ሚል የዶላር አንድ ሺህኛ ስለሆነ፣ ይህ ማለት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ንብረት ላይ 50 ዶላር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ግብር ከፋይ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከመላው ግዛት ሲሰበሰብ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያቆማል። ከሁሉ በላይ ግን የግዛቱ ሀብት ባደገ መጠን የትምህርት ገንዘቡም አብሮ ያድጋል። ኤንጄል ይህን መሠረት ጠበቁት፤ ለማስፋትም ሳይታክቱ ምክር ቤቱን አሳመኑ። ምጣኔው በ1893 ወደ አንድ ስድስተኛ፣ በ1899 ወደ አንድ አራተኛ፣ በ1907 ወደ ሦስት ስምንተኛ ሚል ከፍ አለ። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር የሚገኘው 50 ዶላር በ34 ዓመት ውስጥ 375 ዶላር ሆነ ማለት ነው። በብራውን የፈረሰውን የዌይላንድን ዕቅድ ያዩ ሰው፣ የራሳቸውን ሥራ በምን ዓይነት መሠረት ላይ ሊያቆሙት እንደፈለጉ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ገቢ ላይ ቆመው ዩኒቨርሲቲውን አስፋፉ። በ1875 የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ፣ በ1876 የፋርማሲ ኮሌጅ ተቋቋሙ። በ1879 የማስተማር ሳይንስና ጥበብ ወንበር ተመሠረተ፤ ይህ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለመምህርነት ሙያ ብቻ የቆመ የመጀመሪያው ቋሚ ወንበር ነው። የምሕንድስና ትምህርት ከኤንጄል በፊት ጀምሮ ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ ራሱን ችሎ የተለየ ክፍል የሆነውና የራሱን ዲን ያገኘው በእርሳቸው ዘመን በ1895 ነው። በወጣትነታቸው ያልተቀመጡበትን ወንበር ለሌሎች አስፍተው አዘጋጁት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኤንጄል አጥብቀው ይከራከሩለት የነበረው ሐሳብ ከፍተኛ ትምህርት የሀብታም ልጅ ርስት መሆን የለበትም የሚል ነው። በ1879 ባደረጉት የታወቀ ንግግር፣ ችሎታ ያለው የድሃ ልጅ እንዲማር በሩን መክፈት ለልጁ የሚደረግ ምጽዋት ሳይሆን ለራሱ ለሕዝቡ የሚጠቅም ሥራ መሆኑን አስረድተዋል። ሴቶች በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መግባት የጀመሩት እርሳቸው ከመምጣታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1870 ነው። አዲሱን ውሳኔ ሥር ማስያዝ ግን የእርሳቸው ፈንታ ሆነ። በ1872 አሊስ ፍሪማን የምትባል የገጠር ልጅ ለመግቢያ ፈተና ቀርባ፣ ዝግጅቷ አነስተኛ በመሆኑ ፈታኞቹ ሊመልሷት ወሰኑ። ኤንጄል ልጅቷን አነጋግረው የአእምሮዋን ብርታት ስላስተዋሉ ለጥቂት ሳምንታት በሙከራ እንድትቆይ ፈታኞቹን ለመኑ። ፍሪማን በ1876 ተመረቀች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለች የዌልስሊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነች። በሕጉ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ያች ልጅ በመጣችበት መንገድ ትመለስ ነበር።

ይሁን እንጂ የአስተዳደር ወንበር የሰላም ወንበር አልነበረም። የግዛቱ ምክር ቤት የሆሚዮፓቲ ሕክምና በዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ ለዓመታት ሲያዝ፣ የሕክምና ፕሮፌሰሮቹ ደግሞ ከእነዚያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አናስተምርም ብለው እምቢ አሉ። በ1875 የተገኘው መፍትሔ ለሆሚዮፓቲ የተለየ ኮሌጅ ማቋቋም ነበር። በዚያው ዓመት ከዚህ የከፋ ችግር ተነሣ። በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎች ለዕቃ በሚከፍሉት ገንዘብ ሒሳብ ላይ ጉድለት ተገኘ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሳይላስ ዳግላስና ረዳታቸው ፕሬስተን ሮዝ አንዱ በሌላው ላይ አሳበቡ። ጉድለቱ ትንሽ ቢሆንም ጠቡ እያደገ ሄዶ መምህራንን፣ የከተማውን ሰው፣ የሃይማኖት ወገኖችን፣ ጋዜጦችንና የግዛቱን ምክር ቤት ለሁለት ከፈለ። ነገሩ በፍርድ ቤት አልፎ እስኪያበቃ ዓመታት ፈጀ። አንድ ግልጽ የደረሰኝና የመዝገብ አያያዝ ቀድሞ ኖሮ ቢሆን በአንድ ሳምንት የሚዘጋ ጉዳይ ነበር። ሥርዓት በሌለበት የገንዘብ አያያዝ የሰው ስም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ የሚያሳይ መሆኑ አይካድም።

የቋንቋና የዓለም አቀፍ ሕግ ዕውቀታቸው መንግሥትንም ወደ እርሳቸው አመጣው። በ1880 ፕሬዚዳንት ሄይስ በቻይና የአሜሪካ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በኖቬምበር 17 ቀን 1880 በፔኪንግ የተፈረመው ውል፣ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ የሚገቡበትን ሁኔታ አሜሪካ ልትቆጣጠር፣ ልትወስን ወይም ለጊዜው ልታግድ እንደምትችል፣ ነገር ግን ፈጽማ መከልከል እንደማትችል የሚል ነበር። በተጨማሪ በተፈረመው የንግድ ውል አሜሪካውያን ኦፒየም ወደ ቻይና እንዳያስገቡ ተከለከሉ። ኤንጄል በመጀመሪያው ውል ላይ ሙሉ ክልከላን ተቃውመው የተደራደሩ ቢሆንም፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ባገኘው ቀዳዳ ተጠቅሞ በ1882 የቻይና ሠራተኞችን ለ10 ዓመታት የሚያግድ ሕግ አወጣ። እገዳው እየታደሰና እየጠነከረ ሄዶ እስከ 1943 ድረስ ጸንቶ ቆየ። በጥንቃቄ የተመረጠ ቃል የታሰበለትን ወሰን ሳይጠብቅ መቅረቱ፣ የቃላት ሊቅ ለነበሩት ሰው መራራ ውጤት ነበር። ከሥራቸው ሁሉ ይበልጥ ትችት የሚያስነሣውም ይኸው ነው።

በ1887 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በሰሜን አትላንቲክ የዓሣ ማስገር መብት ጉዳይ ከተደራደሩት የአሜሪካ ልዑካን አንዱ ሆኑ፤ የተደረሰበትን ውል ግን ሴኔቱ በ1888 ውድቅ አደረገው። በ1895 ደግሞ ከትላልቆቹ ሐይቆች እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ጥልቅ የመርከብ መንገድ መቆፈር ይቻል እንደሆነ የሚመረምር ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆኑ። ከአባላቱ አንዱ መሐንዲሱ ላይማን ኩሊ ነበሩ። ኮሚሽኑ ሥራው የሚቻል መሆኑን ገልጾ ዝርዝር የቅየሳ ጥናት እንዲደረግ አሳሰበ። ትላልቅ መርከቦች በሴንት ሎውረንስ ወንዝ በኩል እስከ ሐይቆቹ የሚዘልቁበት መንገድ የተከፈተው ግን በ1959 ነው። በልጅነታቸው ቅየሳ የተማሩት፣ በቦስተን ቢሮ ለጥቂት ጊዜ የሠሩት ሰው፣ በ66 ዓመታቸው የውኃ ደረጃና የመሬት አቀማመጥ ካርታ ፊታቸው ተዘርግቶ ተገኙ። ከ1897 እስከ 1898 በኦቶማን መንግሥት ዘንድ ሚኒስትር ሆነው በቁስጥንጥንያ ቆዩ። የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ጊዜ ለወደመባቸው ንብረት ካሣ ለማስከፈል ቢደክሙም፣ የሱልጣኑን መንግሥት ሳያስከፍሉ ተመለሱ።

በ1905 ሥራቸውን ለመልቀቅ ቢጠይቁም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ጠባቂ ቦርድ አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ በ1909 በ80 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው በ1912 አሳተሙ። ኤፕሪል 1 ቀን 1916 በአን አርበር ከተማ ዐረፉ። ልጃቸው ጄምስ ሮላንድ ኤንጄል የታወቁ የሥነ ልቡና ሊቅ ሆነው፣ ከ1921 እስከ 1937 የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

የኤንጄል ሥራ በአንድ ሚዛን የሚለካ አይደለም። ካደረጓቸው ውሎች አንዱ ለክፉ ሥራ ዋለ፤ ሌላው ሳይጸድቅ ቀረ። በዩኒቨርሲቲው የተከሉት ግን ጸና። ልዩነቱ የመጣው ከችሎታቸው መለዋወጥ አይደለም። በውሎቹ ላይ ጽሑፉን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መያዝ አይችሉም ነበር፤ በዩኒቨርሲቲው ግን ዓመት ከዓመት ተቀምጠው የገንዘቡን ምንጭ፣ የሕዝቡን እምነትና የመግቢያውን በር በእጃቸው ጠበቁ። መሐንዲስ አንድ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ጠባቂና ጠጋኝ እንደሚያሻው ያውቃል። ከሙያ መስኩ ወጥቶ በአስተዳደር ወንበር የሚቀመጥ ባለሙያም ለአገር የሚጠቅመው፣ የተሠራውን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያደርስ መሠረት አጽንቶ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሙያው አላጣውም።